ገጽ አንድ ላይ የቀሩት

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ደቂቃ ዛሬም «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎ መጣና የምሳ ሰዓቴን በላው። አለቃችን ነው፤ ለሆስፒታል የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንሠራለን። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ጆሮው አልደረሰም። የሆስፒታሉ ዓይን ክፍል ሰዎች አምርረዋል አለኝ። የቀዶ ጥገና ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዝርዝር ሲከፈት፣ ሁሉም ስም ከነዓይኑ ፎቶ ባንድ ጊዜ ከዳታቤዙ ተግተልትሎ ስለሚመጣ ኮምፒዩተሩ ድርቅ ይላል። ተራ የምትጠራው ነርስ ዝርዝሩን ከፍታ ሌላ ሥራ ሠርታ ትመለሳለች።

«በገጽ በገጽ ይከፈልላቸው። ለሐሙስ ይደርሳል?»

«ለነገ» አልኩት። ጉራዬ! ግን እውነትም ቀላል ነው። በየገጹ ሃያ ሰው። አንደኛው ገጽ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ያሳያል፤ ሁለተኛው ሃያ ዘልሎ ቀጣዮቹን ሃያ፤ ሦስተኛው አርባ ዘልሎ፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። ከታች ‹ቀጣይ› የምትል ቁልፍ። ጀማሪ እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል።

አባዬ እዚያው ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ለደቂቃ አልነገርኩትም። ምን አገባው።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

አለቀ። እኛ የምንሞክርበት ቅጂ የሕመምተኞቹን እውነተኛ ስም አይዝም። የሰው ምስጢር ነው፣ እንዲህ መሆኑም ተገቢ ነው። ሁሉም «ሕመምተኛ አንድ»፣ «ሕመምተኛ ሁለት» ተብለው ተሰልፈዋል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። የተደገመ የለም፣ የጎደለ የለም። ቤት ስገባ እያፏጨሁ ነበር።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ሥራ ላይ ዋለ። ነርሷ ራሷ ደወለችልኝ። ሁሉም ሲስተር ነው የሚሏት፣ እኔም ሲስተር አልኳት።

«ተባረኪ ልጄ፤ እጄን ሳላነሳ ይከፈታል! ልክ እንደ ድሮው መዝገቤ ሆነልኝ፣ ገጽ በገጽ» አለችኝ።

ለምስጋና የማልደነግጥ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፈገግ ስል ዋልኩ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

አባዬ ጋ ዋልኩ። አንድ ኮት ተቀብሎ እጅጌውን እየገጠመ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነው፤ አሁን ግን ስፌቱን የሚከተለው በአውራ ጣቱ ነው። ሰው ሲገባ አንገቱን አዙሮ ይፈልጋል፤ ከጎን ያለው ሁሉ ጠፍቶበታል። ግላኮማ ነው፤ የዓይን ውስጥ ግፊት ነርቩን እየጎዳበት። ዶክተሩ አልሸፋፈነም፦ የጠፋው አይመለስም፤ ቀዶ ጥገናው የቀረውን ለማትረፍ ነው፤ ተራው ሲደርስ አንድ ቀን እንዳታሳልፉ።

መዝገብ ቤቱ ደግሞ ባለፈው ስንጠይቅ «ደርሳችኋል፤ በዚህ ሳምንት ወይ በሚቀጥለው ይደወልላችኋል» አለን። ያስመዘገብኩት በእኔ ስልክ ነው፤ አባዬ ስልኩ ላይ ቁጥር አይለይም።

«ደወሉ?» አለኝ።

«ገና ነው አባዬ።»

«ስልክሽ ድምፅ አለው?»

«አለው።»

«እስቲ አስጩኺው።»

በእሱ ስልክ ደወልኩ። የእኔው ቦርሳዬ ውስጥ ሲጮህ እንደ ልጅ ሳቀ። ከዚያ ቀኝ ዓይኑን በእጁ ከድኖ በግራው ብቻ አየኝ። «ፊትሽ አለ» አለ። «ትንሽ ጉም ለብሷል እንጂ አለ።» ይህን ሙከራ ሁልጊዜ ያደርጋል። እኔ ባላየው ይሻለኛል።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ስብሰባ። የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ነበር። ስወጣ አንድ የማላውቀው ቁጥር ሁለቴ ደውሏል። መልሼ ብደውል አይነሳም። እነሱ ቢሆኑስ? ምን ሲደረግ ድምፁን አጠፋሁት!

ኅዳር 14፣ አርብ

ቁጥሩ ዛሬ ጭራሽ ዝግ ነው። ሆስፒታል ስልኩን ይዘጋል እንዴ? አይዘጋም። ግን ቢዘጋስ? ስልኬን ይዤ መታጠቢያ ቤት እገባለሁ።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

ሾፌሩ ለአባዬ ደወለለት። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የምዝገባው ቀን አግዳሚው ላይ አጠገባችን ተቀምጦ ተዋወቁ። ከእኛ በኋላ ነው የተመዘገበው፤ «ሰፊውን አስቀድሙ፣ እኔ ኋላ ማርሽ ላይ ነኝ» እያለ ሲያስቀን አስታውሰዋለሁ። ተጠርቶ፣ ታክሞ፣ ቤቱ ገብቷል።

አባዬ ደስ ብሎታል። «የሱ ብሶ ይሆናል» አለኝ።

«ይሆናል» አልኩትና ተነስቼ ያልቆሸሸ ብርጭቆ አጠብኩ።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

አንዲት ሴት ዓይን ክፍል መጥታ ጮኻለች። ከእናቷ በኋላ የተመዘገቡ ሰዎች ታክመው ሲወጡ እናቷ አልተጠሩም። ደቂቃ ወሬውን ይዞልኝ መጣ።

«ነርሷ ዘላቸው ይሆናላ» አልኩ። ሳላስብ፣ ወዲያው።

«የሰው ስህተት» አለ ደቂቃ፣ ፊቱ እየበራ።

«የሰው ስህተት።»

ሁለታችን እንዲህ ቶሎ ተስማምተን አናውቅም። ቢሆንም ከሰዓት ሥራዬን ደግሜ ፈተሽኩት። ከ«ሕመምተኛ አንድ» እስከ መጨረሻው ሕመምተኛ ሁሉም በቦታው አለ። ሁለቴ ፈተሽኩ። እጄ ግን አላርፍ አለ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ፈተሽኩ።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተጣላን።

«አንቺ ልጅ፣ የሠራሽው አንቺ ነሽ አይደል? ግቢና የአባትሽን ስም እይ!»

«አይቻልም ጋሼ። የሰው የሕክምና መረጃ ነው። ደግሞ ተራ አላስዘልልም።»

«ማን ዝለዪ አለሽ? እይ ነው ያልኩሽ።»

«የሚያስዘልሉትም እንዲህ ብለው ነው የሚጀምሩት።»

«እሺ፣ ራስሽ እንደነገርሽኝ ስብሰባ ላይ ሆነሽ ስልካቸውን ያላነሳሽውስ? እሱም ሕግ ነው?»

አባዬ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ተዋት፤ ተራ ተራ ነው» አለ። ይህ ኩራቴ ከማን እንደመጣ ግልጽ ነው። ወንድሜ በሩን ወርውሮ ወጣ። እኔም አባዬን ክር በመርፌ ላስገባልህ ብዬው ነበር፤ «ለነገም ብዙ አስገቢልኝ» አለ። በመርፌዎቹ ሁሉ ክር አስገብቼ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰክቼለት መጣሁ።

እነሱ ነበሩ። ያ ቁጥር የእነሱ ነበር። ሁለቴ ደውለው ስላላነሳሁ ተራውን አሳለፉት። አባዬን በምን ፊቴ አየዋለሁ?

ኅዳር 26፣ ረቡዕ

አገኘሁት! አገኘሁት!

ዝርዝሩን የደረደርኩት በምዝገባ ቀን ብቻ ነው። ባንድ ቀን ግን ብዙ ሰው ይመዘገባል። ቀናቸው አንድ የሆኑትን ዳታቤዙ በተጠየቀ ቁጥር እንዳሻው ሊደረድራቸው ይችላል። እንግዲህ አንድ ሰው መጀመሪያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር፤ ገጹ ሲገለጥ አንደኛው ላይ ይገኛል፤ ነርሷም አታየውም። ከቀኑ ቀጥሎ በመዝገብ ቁጥር እንዲደረደር አደረግኩ። አሁን ማንም ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

የጮኸችው ሴት እናትም፣ አባዬም በዚህ ነው። የስልኩ ጉዳይ አይደለም። እፎይ! ነገ ይደውላሉ።

ታኅሣሥ 1፣ ሰኞ

አልደወሉም። ሁለት የማስታወቂያ ጥሪ፣ አንድ የተሳሳተ ቁጥር። የተሳሳተውን ሰውዬ ጮኽኩበት። ምስኪን፣ ይቅርታ ጠይቆኝ ዘጋው።

ታኅሣሥ 3፣ ረቡዕ

አባዬ እጁን አቃጠለ። ካውያው በግራ በኩል ነበር፤ አላየውም። መዳፉን ሲነፋ ደረስኩ። «ሙቀቱ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላመንኩት» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ቀኝ ዓይኑን ከድኖ ያቺን ሙከራውን አደረገ፤ ዛሬ ግን ምን እንዳየ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

ደቂቃን «ነገ ሆስፒታል እሄዳለሁ» አልኩት።

«ተስተካክሏል አላልሽም?»

«ያየሁት የራሴን ሥራ ነው። ሲስተር ስትሠራበት አይቼ አላውቅም።»

«አንድ ደቂቃ ብቻ...»

«የለኝም» አልኩት።

ታኅሣሥ 5፣ አርብ

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ አልጽፈውም።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ የማየውን እንዳላወራ አስፈረመኝና ሲስተር አጠገብ ወንበር ተሰጠኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ወደ ኮሪደሩ ያያል፤ ግድግዳውን ይዘው የድሮ መዝገቦች እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል። ሲስተር ትልቅ ሴት ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። የኮምፒዩተሩ ጠርዝ ላይ አንዲት ቢጫ ወረቀት ለጥፋለች። ላይዋ ላይ «13» ይላል።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የቆምኩበት ገጽ ናታ። ትናንት አስራ ሁለትን ጨረስኩ፣ ዛሬ ከአስራ ሦስት እቀጥላለሁ። መዝገብ ላይም እንዲሁ ነበር የማደርገው፣ ክር አስገባበት ነበር።»

ገጽ አስራ ሦስትን ከፈተች። ሃያ ሰው። መደወል ጀመረች። እንዴት ደስ በሚል ድምፅ ነው የምታናግራቸው! እሺ ካላት ‹ተጠርቷል› የሚለውን ትጫናለች፤ ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ያላነሳውን ደግማ ደጋግማ ትሞክረውና ከቦታው ትተወዋለች፤ ዝርዝሩን ዳር ሳደርስ እመለስባቸዋለሁ ትላለች። እየደወለች፣ ስም እየጠፋ፣ መጨረሻ ላይ ገጹ ላይ ስልክ ያላነሱ አምስት ሰዎች ቀሩ።

እጇ ወደ ‹ቀጣይ› ሄደ።

ያን ጊዜ ክው አልኩ። የእኔ ሥራ ገጽ አያውቅም፤ የሚያውቀው መዝለል ብቻ ነው። አስራ አምስት ሰው ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ ከኋላ ያሉት አስራ አምስት ሰዎች ወደፊት ተጠግተው ክፍቱን ሞልተዋል። ‹ቀጣይ› ሲባል ግን እኔ የድሮውን ያህል እዘላለሁ። እነዚያን አስራ አምስቱን አልፌ እሄዳለሁ። እኔ የሞከርኩበት ቅጂ ላይ ማንም ተጠርቶ አያውቅም፤ ማንም ከቦታው አይነሳም። ለዚያ ነው ሁሉም ልክ የነበረው።

«ሲስተር፣ እባክዎ ወደ ኋላ ይመለሱልኝ።»

ተመለሰች። ገጽ አስራ ሦስት እንደገና ሞልቷል። አምስቱ አሉ፤ ከእነሱ በታች ሲስተር አይታቸው የማታውቃቸው አስራ አምስት ስሞች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እነዚህ ከየት መጡ?»

«ገጽ አንድን ይክፈቱልኝ።»

«ገጽ አንድማ አልቋል ልጄ። የቀሩት ስልክ የማያነሱት ናቸው።»

ከፈተችው። ሃያ ሰው። በየስሙ ትይዩ ስንት ጊዜ እንደተደወለ ይጽፋል። ስድስቱ ላይ ሦስት፣ አራት ይላል። አስራ አራቱ ላይ ምንም የለም። ማንም አልደወለላቸውም። ገጽ ሁለት፣ ገጽ ሦስት፣ እስከ አስራ ሁለት እንደዚያው። የጠራነውን ያህል ሰው ዘለናል።

ገጽ አንድ ላይ፣ ካልተደወለላቸው ስድስተኛው መስመር፣ የስልክ ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ምነው ጠቆርሽ?» አለችኝ ሲስተር።

«ሙቀቱ ነው» አልኳት። ክፍሉ ይበርዳል።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ትናንት የሥራ ሰዓት ሊያልቅ ነበር። የሚቀጥሉት ሰዎች ጥሪ ከሰኞ ጀምሮ ነው፤ በቀን ስምንት ሰው ነው የሚታከመው። ሲስተርን «አባቴ ነው» ብላት ያኔውኑ ትጽፈው ነበር። እሷ እንዲህ ናት። ከእሱ በፊት ግን እኔው የዘለልኳቸው አምስት ሰዎች አሉ። አላልኳትም።

ልክ ነበርኩ? ወይስ ለኩራቴ ስል አባቴን ሦስት ቀን ጨመርኩበት? በወንድሜ ዓይን ሳየው አፍራለሁ፤ በእነዚያ አምስት ሰዎች ዓይን ሳየው ደግሞ መልሼ አፍራለሁ።

ደቂቃ ደወለ። «ማሻሻያ ብለን እናስገባው፤ ስህተት የሚለውን ቃል ባንጠቀም» አለኝ። «ለሆስፒታሉ ጽፌ ልኬዋለሁ፤ ስህተት ብዬ፣ በስሜ» አልኩት። ዝም አለ። ቅጽል ስሙን ካወጣሁለት ጀምሮ አንዲት ደቂቃ ዝም ያለው ዛሬ ነው።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

አስተካከልኩት። አሁን ‹ቀጣይ› ሲባል ስንት ሰው እንደሚዘለል አይቆጥርም። የሚጠይቀው «መጨረሻ ያየነው ሰው ማን ነው?» ብሎ ነው፤ ከዚያ ሰው ቀጥሎ ያሉትን ያመጣል። ከፊት ስንቱ ቢወጣ ግድ የለውም። በዚህ ጊዜ ሕመምተኞቼን እየጠራሁ፣ ከዝርዝሩ እያስወጣሁ ሞከርኩት።

መጀመሪያም እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር። አንድ ቀን ቢጨምርብኝ ነው። «ለነገ» ባልል ኖሮ።

አባዬ ጋ አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ ብዬ ላክሁበት።

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

ጠዋት ሲስተር አጠገብ ተቀመጥኩ፤ አዲሱ አሠራር እንዳያስቸግራት። ቢጫዋን ወረቀት ራሷ ላጠቻት። ገጽ አንድ። ስልክ የማያነሱትን ስድስቱን ለከሰዓት አቆየቻቸው።

የመጀመሪያው ሰው አነሱ፤ አለቀሱ። ሁለተኛዋ ሴት ስልኳ ዝግ ነው። ሦስተኛው የግል ሐኪም ቤት ሄደው ታክመዋል፣ ተቆጡ፤ ሲስተር «ልክ ነዎት አባቴ» እያለች ሰማቻቸው። አራተኛዋ እሺ አሉ። አምስተኛው ልጃቸውን አቀበሉን፣ ልጁ እሺ አለ።

ስድስተኛውን ደወለች። የእኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ።

ሲስተር መጀመሪያ አልገባትም፤ «አንሺው፣ ችግር የለም» አለችኝ። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ስልክ አየች፣ ኪሴን አየች፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ስም አየች። ስልኩ ይጮሃል። አባዬ ጋ ያን ቀን እንዳስጮህኩት ዓይነት፣ ደህና አድርጎ ይጮሃል።

አነሳሁት። እሷም አልዘጋችውም። እዚያው ጉልበታችን ሊነካካ ምንም ሳይቀረው ተቀምጠን፣ በስልኩ፣ በዚያው ደስ በሚለው ድምፅ፦

«ሃሎ፣ ከዓይን ክፍል ነው። የአባትዎ ተራ ደርሷል።»

«አቤት» አልኩ።

«ከነገ ወዲያ ጠዋት ይዘዋቸው ይምጡ» አለች። ዘጋችውና መነጽሯን አወለቀች። «አርብ ዕለት አይተሽዋል አይደል?»

«አይቼዋለሁ።»

ሰባተኛውን ደወለች።

ታኅሣሥ 16፣ ማክሰኞ

አባዬ ታከመ፤ ቀኝ ዓይኑ ደህና ነው። ግፊቱ ወርዷል፤ ያለው ይቆይለታል አለ ዶክተሩ። ግራው ብርሃን ከጨለማ ይለያል፣ ሌላ አይለይም። «ኅዳር መግቢያ ላይ ቢመጡ ኖሮ» ብሎ ጀመረና እኔን ሲያይ ተወው።

ኅዳር 9 ቀን በግራው ፊቴን አይቶ ነበር። ጽፌዋለሁ፣ ይኸው አለ።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

ነገርኩት። ወንድሜም ነበር። ስለ መዝለሉ፣ ስለ ገጹ፣ «ለነገ» ስላልኩት፣ አርብ ስሙን አይቼ ዝም ስላልኩት። ወንድሜ አፉን ከፈተ፤ አባዬ እጁን አነሳበት፤ ወንድሜ ዘጋው።

አባዬ የያዘውን ኮት እጅጌ ደባበሰ። ከዚያ ቀኝ ዓይኑን በእጁ ከደነ። በግራው ወደ እኔ ዞረ። ፈለገኝ። አላገኘኝም። ማልቀሴን የሰማው ይመስለኛል።

«ከብዶኛል» አለ። «አልከበደኝም አልልሽም።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ ተጠሩ?»

«ከዘለልኳቸው መካከል ከአንዲት ሴት በቀር። ስልኳ ዝግ ነው። ሲስተር በየቀኑ ትሞክራለች።»

«ዓይኗ እንደኔው ነው?»

«እንዳንተው።»

እጁን ከዓይኑ ላይ አነሳ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። ተቆጥቶ ነው፤ ከልቡ ተቆጥቶ። «እኔ ስልክ ብቻ ስጠብቅ ምን እንደሆንኩ አይተሻል። አድራሻ አላት አይደል? ሂጂ በሯን አንኳኪ!»

ሲስተር ጋ ደወልኩ። አድራሻው መዝገቡ ላይ አለ፣ እኔም አብሬሽ እመጣለሁ አለች። ወንድሜ ሳይናገር የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ይህን የምጽፈው ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ነው፤ ሲስተር ጥግ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች፣ ከሩቅ እያየኋት ነው።